«ኮመን ሴንስ የለህም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛ ክርክር ውስጥ አንድ አባባል እየበዛ መጥቷል። «ይሄ እኮ ኮመን ሴንስ ነው!» ይባላል፤ ማንም ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው ለማለት። ወሬው ስለ ልጅ አስተዳደግ ይሁን፣ ስለ ትራፊክ ወይም ስለ ፖለቲካ፣ ይህ ከተባለ በኋላ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ሰው እንደ ደነዝ ይታያል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን ሲረከቡ ባደረጉት ንግግር «የኮመን ሴንስ አብዮት» አውጀዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ የመንገደኞች አውሮፕላንና የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ተጋጩ። 67 ሰው ሞተ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ የብዝኃነት (ልዩ ልዩ ዘርና ጾታ ያላቸውን ሰዎች የማካተት) የቅጥር ፖሊሲ በአደጋው ውስጥ እጁ እንዳለበት ጠቆሙ። ምርመራው ገና መጀመሩ ነበር። ጋዜጠኛ በምን እንዳወቁ ሲጠይቃቸው «ኮመን ሴንስ ስላለኝ» አሉ።

ይህ መልስ ምን ማለት ነው? ዕውቀት ነው? ግምት ነው? ወይስ «አትጠይቁኝ» የሚል ቃል ነው? ይህን ለመለየት ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ የመፍቻው ግማሽ ራሱ አማርኛ ውስጥ አለ።

አንድ ወቀሳ የሚመስሉ አራት ወቀሳዎች

«ኮመን ሴንስ የለውም» የምንላቸውን ሰዎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንዱ የጋዝ ሲሊንደር እያፈሰሰ መሆኑን ለማየት ክብሪት ይጭራል። ሌላው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ስልክ ያወራል። ሦስተኛው ሽማግሌ ቆሞ እያየ ወንበሩን አይለቅም። አራተኛው ማታ እንግዳ ሆኖ የመጣ ነው። ባለቤቶቹ እያዛጉ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ሰዓቱ ደጋግሞ ይታያል። እሱ ግን ሌላ ጨዋታ ይጀምራል።

እንግሊዝኛው ለአራቱም አንድ ቃል ይበቃዋል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል። የመጀመሪያው ማስተዋል የለውም። ሁለተኛው ይሉኝታ የለውም። ሦስተኛው ወግ አያውቅም። አራተኛው ደግሞ ነገር አይገባውም።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ማስተዋል የሰውየው የራሱ ችሎታ ነው። ረጋ ብሎ ነገርን ከነገር ማገናኘት ነው። ይሉኝታ የሰው ዓይን ነው፤ «ምን ይሉኛል» ብሎ ራስን መያዝ ነው። ነገር መግባት ያልተነገረውን ከፊት ከገጽታ ማንበብ ነው። ወግ ግን የሚማሩት ነገር ነው። ከቤት ቤት፣ ከአገር አገር ይለያያል።

የምንፈርድበት መንገድም ይለያል። ወግ ያላወቀ እንግዳ ቢመጣ «ተዉት፣ አገሩ አይደለም፣ አያውቅም» እንላለን። ይቅርታ አለው። ጋዝ አጠገብ ክብሪት የጫረውን ግን «አገሩ ስላልሆነ ነው» የሚል የለም። ጋዝ የትም ጋዝ ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። አራቱን በአንድ ከረጢት አስገብተን «ኮመን ሴንስ» ስንላቸው፣ ወግ ያልተማረውን ሰው ማስተዋል እንደጎደለው አድርገን እንፈርድበታለን። በእኛ ሐሳብ ያልተስማማው ሰው የማሰብ ችሎታ ያጣ ይመስለናል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አማርኛ ይህን ችሎታ የሚያስቀምጠው ልብ ውስጥ ነው። ልብ በል እንላለን፣ አስተውል ለማለት። ልጁ ልብ ገዛ እንላለን፣ ከልጅነት ሞኝነቱ ሲወጣ። ልቦና ይስጥህ ብለን እንመርቃለን፣ አንዳንዴም እንራገማለን። የሚገዛ፣ የሚሰጥ፣ የሚጠፋ ነገር ነው። ሰዎች በጋራ የያዙት የአስተያየት ክምችት አይደለም።

ስኳሩ ነጭ ነው፣ ስኳሩ ጣፋጭ ነው

ቃሉ ሲወለድ ዛሬ ከምንለው ነገር ጋር አይገናኝም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሳ። ነጭነትንና ጣፋጭነትን የምንለያያቸው በምንድን ነው?

በስኳር እንየው። ስኳሩ ነጭ መሆኑን የሚያውቀው ዓይን ነው። ጣፋጭ መሆኑን የሚያውቀው ምላስ ነው። ዓይን ጣዕም አያውቅም፣ ምላስም ቀለም አያይም። ታዲያ «ይህ ነጭ ነገርና ይህ ጣፋጭ ነገር አንድ ናቸው» የሚለው ማነው? ዓይንም ምላስም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት የሚያገናኝ አንድ የጋራ ችሎታ መኖር አለበት አለ። እንቅስቃሴን፣ ቅርጽን፣ መጠንንና ቁጥርንም በዓይንም በእጅም እናውቃቸዋለን። «የጋራ» የተባለው ለሕዋሳቱ የጋራ ስለሆነ ነው። ሕዝብ ስለሚጋራው አልነበረም።

ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና (980–1037) ሐሳቡን በዐረብኛ አሳደገው። ቦታውንም በአንጎል የፊተኛው ክፍል አደረገው። ወደ ላቲን ሲዞር «ሴንሱስ ኮሙኒስ» ተባለ። ላቲኑ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። ሮማውያን በዚሁ ቃል ከሰው ጋር የመኖር ጨዋነትንም ይጠሩበት ነበር፤ ለይሉኝታ የቀረበ ስሜት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ባንድ ቃል ውስጥ አብረው ኖሩ። ቃሉ እስከ ዛሬ የሚወዛወዘው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

የሂዩም ጨዋታና የሪድ መልስ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ ጉዳዩ ትልቅ ክርክር ሆነ። ዴቪድ ሂዩም ተጠራጣሪ ፈላስፋ ነበር። ተጠራጣሪነት እዚህ ላይ ክፉ ጠርጣሪነት ማለት አይደለም። «አውቃለሁ የምለውን በምን አረጋግጣለሁ?» ብሎ እስከ ጫፍ መጠየቅ ነው። ነገ ፀሐይ እንደምትወጣ በምክንያት ማረጋገጥ አንችልም አለ ሂዩም። እስከ ዛሬ ስለወጣች ለምደነው ነው። እሳት ያቃጥላል የምንለውም እንዲሁ ነው። እሳትና መቃጠል ሲከታተሉ አየን እንጂ ማሰሪያቸውን አላየንም።

ሂዩም ራሱ ይህ ሐሳብ ሲያስጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ጽፏል። ከወዳጆቹ ጋር ራት ይበላል፣ ባክጋሞን የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ ይጫወታል፣ ይስቃል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ ጥርጣሬው ሲመለስ ቀዝቃዛና በግድ የተጎተተ ሆኖ ያገኘዋል።

የአገሩ ልጅ ቶማስ ሪድ እዚህች ላይ ያዘው። በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው በአጭሩ ይህ ነው፦ ከጠረጴዛ ስትነሳ ልትኖርበት የማትችለው ሐሳብ ካለ፣ ስህተቱ ያለው ሐሳቡ ላይ ነው። የማየው ነገር አለ፣ ትናንት የሆነውን አስታውሳለሁ፣ ፊቴ ያለው ሰው እንደኔ ያስባል፤ እነዚህን የማያምን ሰው አንድ ቀን ውሎ ማደር አይችልም። ሪድ ለዚህ ከጠራቸው ምስክሮች አንዱ ቋንቋ ነው። በየቋንቋው አድራጊና ተደራጊ ይለያሉ አለ። አማርኛም ይመሰክርለታል፤ «ሰበረ» እና «ተሰበረ» የምንል ሰዎች አድራጊ መኖሩን አስቀድመን አምነናል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1783 በሪድና በተከታዮቹ ላይ ክፉኛ ተናገረ። ኮመን ሴንስን ምስክር መጥራት ባዶ ሰው ከጥልቅ አሳቢ ጋር እኩል እንዲከራከር የሚያደርግ ዘዴ ነው አለ። በሪድ ላይ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሪድ በጥንቃቄ የሚያስብ ሰው ነበር። የዛሬውን ክርክራችንን ግን ካንት ቁልጭ አድርጎ ያየው ይመስላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤድዋርድ ሙር የሪድን መንገድ ቀጠለ። በ1939 ባቀረበው ንግግር እጁን አንስቶ «ይኸው አንድ እጅ፣ ይኸው ሌላ እጅ» አለ። ከአእምሮ ውጭ ነገር መኖሩን ማረጋገጫዬ ይህ ነው ማለቱ ነበር። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ቪትገንስታይን ግን በዚህ አልረካም። እስከ ሞቱ ዋዜማ፣ እስከ ኤፕሪል 1951 ድረስ፣ በማስታወሻው ሲያብሰለስለው ቆየ። እንደሱ አመለካከት እነዚህ ነገሮች የምናውቃቸው አይደሉም። በር የሚዞርበት ማጠፊያ ናቸው። በሩ እንዲዞር ማጠፊያው መቆም አለበት። ሌላውን ሁሉ ስንጠይቅ እነሱን አንጠይቅም።

ግን ማጠፊያውም ይነቀላል። ቪትገንስታይን ጥርጥር የለባቸውም ካላቸው ምሳሌዎች አንዱ ሰው ጨረቃ ላይ ደርሶ አለማወቁ ነው። በዘመኑ ያን የሚጠራጠር ጤነኛ ሰው አልነበረም። ማስታወሻዎቹ መጽሐፍ ሆነው የታተሙት በ1969 ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ሰዎች ጨረቃን ረገጡ።

ከዚህ ሁሉ ክርክር አንድ ነገር መያዝ ያለበት ይመስለኛል። ፈላስፎቹ የተከላከሉለት ኮመን ሴንስ በጣም አጭር ዝርዝር ነው። ዓለም አለ፣ ሌሎች ሰዎች ያስባሉ፣ ትዝታ በአብዛኛው ይታመናል። ስለ ግብር፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ሴት ልጅ አለባበስ በዝርዝሩ ውስጥ አንዲት ቃል የለችም። በአደባባይ ክርክር የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ከአጭሩ ዝርዝር እርግጠኝነቱን እንበደራለን፣ ከዚያ ለረጅሙ የአስተያየት ዝርዝራችን እናለብሰዋለን።

ልቡና እና «ከአባቶቻችን የሰማነው»

በግእዝ በተጻፈው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ጽሑፉ ራሱ የተጻፈበትን ዘመን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀምጣል፤ ዓመቱም 1667 ነው ይባላል። ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የኖረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ከ1920 ጀምሮ ምሁራንን እንዳከራከረ ነው። የማንም ይሁን፣ ሐሳቡ ለጉዳያችን ይጠቅማል።

ሐተታው እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የልቡና ብርሃን ሰጥቷል ይላል። ታዲያ ሁሉም ልቡና ካለው ሰዎች ለምን አይስማሙም? መልሱ ሰዎች ስለማይመረምሩ ነው የሚል ነው። ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ያምናሉ። ለዚህ ነው በየሃይማኖቱ ሁሉም «የኔ ብቻ እውነት ነው» የሚለው።

እዚህ ጋ ልቡና እና የወል እምነት ተቃራኒ ሆነው ቆመዋል። ልቡና የጋራ የሆነው ሁሉም ስላለው ነው። ሁሉም የሚለው ነገር ግን ስለተባለ ብቻ ልቡና አይሆንም። እንግሊዝኛው ቃል የደባለቀውን ይህ ጽሑፍ ለያይቶ አስቀምጦታል።

«በኛ ነው በፈረንጅ?»

የአበሻ ልጅ ውጭ አገር ቀጠሮ ሲይዝ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «3 ሰዓት እንገናኝ» ይላል አንዱ። «በኛ ነው በፈረንጅ?» ይላል ሌላው።

ይህች ትንሽ ጥያቄ ብዙ ትናገራለች። ለእኛ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ሰዓት ይባላል። ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽ ነገር አለ? ለአብዛኛው ሌላ ዓለም ደግሞ ቀን የሚለወጠው ሁሉም ተኝቶ እያለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እሱም ለእነሱ ግልጽ ነው። ሁለቱም ውል ናቸው፤ ለሚኖርባቸው ሰው ግን ተፈጥሮ ይመስላሉ።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት (የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ) ክሊፎርድ ጊርዝ በ1975 ያሳሰበው ይህንን ነው። ኮመን ሴንስ የባህል ሥራ ነው፣ ግን ባህል መሆኑን ይደብቃል አለ። ራሱን «ይኸው የሚታይ ነገር» አድርጎ ያቀርባል።

ይህ በቀጠሮ ላይ ሲሆን ቀላል ነው። ሰው ላይ ሲፈረድበት ግን ይከብዳል። በእስራኤል የቤተ እስራኤል አባቶች ከባለሥልጣን ፊት ዓይናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በአክብሮት ነው። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ደግሞ ዓይን ለዓይን የማያይ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ አድጓል። ሁለቱም በየራሳቸው ኮመን ሴንስ ልክ ናቸው። አንዱ ግን ቅጽ የሚሞላ፣ ሌላው ቅጽ የሚሞላለት ነው። የማን ኮመን ሴንስ እንደሚያሸንፍ መገመት አያስቸግርም።

ጣሊያናዊው የማርክሲስት አሳቢ አንቶኒዮ ግራምሺ በፋሺስት እስር ቤት ሆኖ በጻፋቸው ማስታወሻዎች ይህን የኃይል ጉዳይ አንስቷል። የወል አስተሳሰብ ከየዘመኑ የተረፈ ቁርጥራጭ የተጠራቀመበት ነው አለ። ከውስጡ ግን ጤናማ ፍሬ አለ፤ እሱን ለይቶ ማሳደግ ይቻላል። ስለዚህ ግራምሺ የሕዝብን አስተሳሰብ አልናቀም።

ቃሉን ለለውጥ የተጠቀመበትም አለ። ቶማስ ፔይን በጃንዋሪ 1776 «ኮመን ሴንስ» ብሎ ያሳተመው ጽሑፍ አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ እንድትላቀቅ ይሞግታል። አህጉርን ደሴት ለዘላለም ይግዛ ማለት የማይመስል ነገር ነው አለ። በዚያ ወር ግን ብዙው ሕዝብ ገና ቁርጡን አልወሰነም ነበር። ፔይን የጋራ ያልነበረውን ሐሳብ የጋራ ብሎ ጠራው፤ በወራት ውስጥም የጋራ ሆነ። ቃሉ ያለውን ከመግለጽ አልፎ የሌለውን ሊፈጥር ይችላል።

በእርግጥ ምን ያህል ነው የምንጋራው? ማርክ ዋይቲንግና ዳንካን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎችን ከ4,000 በላይ በሆኑ አባባሎች ላይ ጠየቁ። ትስማማለህ? ሌላውስ ሰው የሚስማማ ይመስልሃል? ስለሚዳሰስ ነገር የሚናገሩ አባባሎች ላይ መስማማቱ የተሻለ ነበር። ሰው ሲበዛ ግን ሁሉም የሚጋራው ነገር በጣም እየጠበበ ሄደ።

23 ሜትር

ወደ ዋሽንግተኑ አደጋ እንመለስ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በማርች 2025 የመጀመሪያ ግኝቶቹን አወጣ። ወደ አንዱ ማኮብኮቢያ የሚወርዱ አውሮፕላኖችና ከበታቻቸው የሚያልፈው የሄሊኮፕተር መስመር በከፍታ የሚራራቁት በ75 ጫማ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ወደ 23 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ ብቻ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከሚገባው በላይ የተቀራረቡባቸው 15,214 አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ማንም በኮመን ሴንስ አላገኛቸውም። ራዳር፣ ካርታና መዝገብ ተገላብጦ ነው የተገኙት። «ኮመን ሴንስ ስላለኝ» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ማስተዋል ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚለው «ቆይ፣ ይጣራ» ነው።

ግን የጉዳዩን ሌላ ፊትም ማየት ይገባል። ቁጥሩ አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ፣ በጨለማ 23 ሜትር እንደማይበቃ ለመረዳት የአቪዬሽን ትምህርት አያስፈልግም። መረጃው ዓመታት ሙሉ ባለሙያዎቹ ዘንድ ነበር። መስመሩ ግን እስከ አደጋው ድረስ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ስለዚህ ባለሙያ «አንተ አይገባህም» ሲል ተራ ሰው ዝም ማለት የለበትም። መልሱን ማግኘት ባይችልም ጥያቄውን የመጠየቅ መብት አለው።

ይህን ድንበር የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1960 ጥሩ አድርጎ አስምሮታል። አንቀጽ 2030 ሰው ጥፋት ሠርቷል ወይ ተብሎ ሲታይ መለኪያው አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለው እንዲሆን ያዛል። ወዲያው ቀጥሎ አንቀጽ 2031 ይመጣል። አንድ ሰው በሙያው ሲሠራ የሙያውን ደንብ ማክበር አለበት ይላል። መንገድ ላይ ለምንተላለፍ ሁላችን መለኪያው ማስተዋል ነው። ለሐኪሙና ለመሐንዲሱ ግን ማስተዋል ብቻውን አይበቃም፤ ደንቡንም ማወቅ አለባቸው። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን መቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ማንም ያልጻፈው ነገር

ኮመን ሴንስ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በደንብ የታየው ለማሽን ለማስተማር ሲሞከር ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት (አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ) መሥራች ከሆኑት አንዱ የሆነው ጆን ማካርቲ ጉዳዩን ያነሳው በ1959 ነው። ዳግላስ ሌናት በ1984 «ሳይክ» የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ሐሳቡ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን በእጅ ጽፎ ለኮምፒውተር መስጠት ነበር። የሞተ ሰው ገበያ አይሄድም። ብርጭቆ ሲገለበጥ ውሃው ይፈሳል። እናት ከልጇ በዕድሜ ትበልጣለች። አሥርተ ዓመታት ተለቀመ፣ ሚሊዮኖች ተጻፉ፣ አላለቀም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ ስለማይጽፈው ነው።

የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች (ጽሑፍ አንብበው በጽሑፍ የሚመልሱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ሌላ መንገድ ይዘዋል። ሰው ከጻፈው ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ይለቅማሉ። ከዚያ ጽሑፍ ትልቁ ድርሻ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚለቅሙት ኮመን ሴንስም በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ነው። በአማርኛ ይመልሳሉ፣ የሚያስቡት ግን በሌላ ቤት ወግ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ማሽን «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀስቅሰኝ» ብንለው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቢጮህ አይገርምም። ማስተዋል ጎድሎት ላይሆን ይችላል። የእኛ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ መሆኑን የነገረው ስለሌለ ነው።